የጋሼ ታደሰ ጾምና የእኔ አፍ

አጎቴ የራሱን ጾም ላለማፍረስ የእኔን አፍ ተጠቀመበት። ነገሩ ሲታወቅ ደግሞ ለእናቴ "ልጅሽ ሰርቆ ጠጣ" አላት። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ሙስሊም ነኝ። በደሉ ይኸው ነው፤ የቀረው ዝርዝር ነው።

ዝርዝሩን ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። የአማርኛ ፊደል የቆጠርኩት ሃያ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ስለሆነ እጄ እስካሁን አልፈጠነም፤ አንድ ገጽ ስጽፍ ትከሻዬን ያመኛል። ግን ባለፈው ወር እዚሁ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ወንዙ ዳር ባለው አሮጌ መንገድ አንድ የተበላሸ መኪና ጎትቼ ልወስድ ሄጄ፣ ሰው ከሬስቶራንት ሲወጣ ይሁን ሲገባ እንጃ፣ ጠርሙስ ጥሎ ጡቡ ላይ ወይን ፈሷል። የመኪናዬን በር ከፍቼ እግሬን ሳወርድ ሽታው መጣ። ካኦር የሚሉት ወይን ነው። ማንም አልነገረኝም። በሕይወቴ አንድ ብርጭቆ ወይን ጠጥቼ አላውቅም፤ ያንን ግን ዓይኔን አስረው ከሃያ ብርጭቆ መሀል ቢደብቁብኝ አወጣዋለሁ። ጠረኑ ከዚያ ጡብ ላይ አንሥቶ በፈረንጅ አቆጣጠር የሁለት ሺህ ስድስት ሁዳዴ ላይ ጣለኝ።

ያኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ሁለት መኝታ ቤት ያለው አፓርትመንት ውስጥ ነበርን። አንዱ ክፍል የጋሼ ታደሰ፣ አንዱ የእናቴና የእኔ። ጋሼ ታደሰ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ያኔ አንቱ እለው ነበር፤ እዚህ ወረቀት ላይ አልለውም። እሱ ክርስቲያን፣ እሷ ሙስሊም። ይሄ ሌላውን ይገርመው እንደሆነ እንጂ የወሎን ሰው አይገርመውም። እናቴ አባቴን ስታገባ ሰለመች፤ ወንድሟ ባደገበት ቀረ። በረመዷን እሷ ሳታፈጥር እሱ እፊቷ ውሃ አይጠጣም። በሁዳዴ ደግሞ እሷ ሥጋ የምትሠራው እሱ ሥራ ሲሄድ ነው፤ መስኮት ከፍታ፣ ድስቱን ወዲያው አጥባ። ቤቱ መከባበር አልጎደለውም። በኋላ የመጣብኝም በዚያው በመከባበሩ በኩል ነው።

ጋሼ ታደሰ አሌክሳንድሪያ አንድ የፈረንሳይ ምግብ ቤት አስተናጋጅ ነበር። ባለቤቱ ከፈረንሳይ ደቡብ ምዕራብ የመጣ ሰው ስለነበር ምግቡም ወይኑም የዚያው የሰፈሩ ነው። ካኦር የሚባለው ቀይ ወይን ከዚያ ይመጣል። ቀይ ይሉታል እንጂ ጥቁር ነው፤ ብርጭቆ ውስጥ ሲቀዳ የብዕር ቀለም ይመስላል። ባለቤቱ ከአስተናጋጆቹ አንዱን የወይን ኃላፊ ሊያደርግ ፈለገ። ፈተናው ተሸፍኖ የቀረበለትን ቀምሶ ምን ምን እንደሚል፣ ከየትኛው ምግብ ጋር እንደሚስማማ ለእንግዳ እንደሚያስረዳ ሆኖ መናገር ነው። ቀኑ ከፋሲካ አንድ ሳምንት በኋላ ተቆረጠ። የጥናቱ ጊዜ እንግዲህ ሁዳዴ ላይ ወደቀ።

ጋሼ ታደሰ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ የማይቀምስ፣ ሃምሳ አምስቱን ቀን አልኮል ወደ አፉ የማያስጠጋ ጾመኛ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ወይ ቀምሶ ንስሐ ይገባል፣ ወይ ፈተናውን ይተዋል። እሱ ሁለቱንም ፈለገ፤ ጾሙንም ሹመቱንም።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሦስት የጃም ብልቃጥ ደርድሮ ጠበቀኝ። ምግብ ቤት ከጠርሙስ ሥር የተረፈውን እየቀዳ ያመጣው ነው። እናቴ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ትሠራ ስለነበር ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት አትገባም። እሱ ደግሞ አሥር ሰዓት ላይ ወደ ሥራ ይወጣል።

"ሙሄ፣ ና ተቀመጥ። አፍንጫህ ውሻ ነው አሉ።"

"ማን አለ?"

"እናትህ ናታ። ወተቱ ሊበላሽ አንድ ቀን ሲቀረው ያውቃል ትላለች።"

"አውቃለሁ።"

"በል ይሄን አሽተህ ምን እንደሚመስል ንገረኝ።"

"ምንድን ነው ጋሼ?"

"የሥራ ነገር ነው።"

አሸተትኩ። "አጋም" አልኩት።

ከወንበሩ ተነሣ። "አጋም! አንተ! እውነትህን እኮ ነው፤ የደረሰ፣ የጠቆረ አጋም። የምግብ ቤቱ ባለቤት ጥቁር ፕለም ነው የሚለው።" ጻፈ። "ሌላስ?"

"አዲስ ጫማ። ገና ከሳጥኑ ሲወጣ።"

"ቆዳ። ጎሽ! ሌላስ?"

"አያ እንድሪስ።"

"አያ እንድሪስ ደግሞ ምን ሆኑ?"

"ጋቢያቸው።"

እየሳቀ ወደ ኋላ ተንጋለለ። አያ እንድሪስ የአገር ቤት ጎረቤታችን ናቸው፤ ትምባሆ ያጨሳሉ። "ትምባሆ" ብሎ ጻፈ። ያን ቀን ሲወጣ ራሴን ሳመኝ።

በሁለተኛው ቀን ሰማያዊ የፕላስቲክ ኩባያ ጨመረ።

"ዛሬ በአፍህ ትይዘዋለህ፣ ከዚያ እዚህ ትተፋዋለህ። አትውጥም።"

"ሐራም ነው ጋሼ።"

"ሐራሙ መጠጣት ነው። መጠጣት ማለት መዋጥ ነው። ውሃ ተጉመጥምጠህ ብትተፋ ጠጣሁ ትላለህ?"

"አልልም።"

"አየህ!"

"እርስዎ ታዲያ ለምን አይተፉትም?"

ብልቃጡን ዘጋ፣ መልሶ ከፈተው። "እኔ ጾመኛ ነኝ" አለ።

የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ይሄን መልስ አይገለብጥም። ዛሬ በቀን ሦስት ጊዜ እገለብጠዋለሁ።

እኔን የመረጠበት ምክንያት አፍንጫዬ ብቻ አልነበረም። ማንበብ አልችልም ነበር። አገር ቤት አያቴ አልጋ ላይ ስለዋለች እሷን አስታማሚው እኔ ነበርኩ፤ ትምህርት ቤት ሳልገባ አሜሪካ መጣሁ። እዚህ ደግሞ በዕድሜዬ አምስተኛ ክፍል አስገቡኝ። በየቀኑ ጠዋት አንዲት ሴትዮ ከክፍል ጠርታ ታወጣኝና ትንንሽ ልጆች ያሉበት ክፍል ውስጥ የፊደል ካርድ ትደረድርልኛለች። ጓደኞቼ ሲያዩኝ ሽንት ቤት የምሄድ ለመምሰል ሱሪዬን እይዝ ነበር። ጋሼ ታደሰ ብልቃጡ ላይ የወይኑን ስም ጽፎ ይለጥፋል፤ እኔ ዓይኔ እያየው አላየውም። "አንተ አታጭበረብርም" ይለኝ ነበር፤ "የተማረ ሰው ስሙን አንብቦ ነው የሚቀምሰው።" ውጭ የማፍርበት ነገር እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሙያ ሆነ። እውነቱን ልናገር፤ ያን ሰዓት እወደው ነበር። በዚህ አገር "አንተ ምን ይመስልሃል?" ብሎ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ይሄን መጻፍ ያናድደኛል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ላንግሊ ፓርክ አንድ ቤዝመንት ውስጥ ቁርአን እንቀራ ነበር። ሼኹ የወሎ ሰው ናቸው፤ ያነባሉ፣ እኛ ተቀብለን በቃላችን እንይዛለን። እዚያ እንኳ ማንም አይቀድመኝም ነበር። በጾሙ ሁለተኛ ሳምንት አካባቢ ሼኹ ስለ አስካሪ መጠጥ ሲያስተምሩ፣ የጠጣ ሰው አርባ ቀን ሶላቱን አላህ አይቀበለውም አሉ። እጄን አወጣሁ።

"ሼኽ፣ የተፋውስ ሰው?"

"ምኑን ነው የሚተፋው?"

"የጠጣውን።"

"ጠጥቶ ከተፋማ ሰክሯል ማለት ነው" አሉ፤ ልጆቹ ሁሉ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መቁጠር ያዝኩ። መጻፍ ባልችልም መጫር እችላለሁ። ከአልጋዬ ራስጌ እንጨቱ ላይ በቁልፍ አንድ ጭረት አደርጋለሁ፤ አንድ ቀን ማለት ነው። በማግስቱ ጋሼ ታደሰ ብልቃጡን ይከፍታል፤ አርባው ቀን እንደገና ከአንድ ይጀምራል። እሱ የሃምሳ አምስት ቀን ጾሙን እየጨረሰ ይሄድ ነበር፤ እኔ አንድ ብዬ ሁለት ማለት አቃተኝ። ሶላት ስሰግድ ልመናዬ ጣራውን ነክቶ ሲመለስ ይታየኝ ነበር፤ በተለይ እናቴ አጠገቤ ስትሆን የሷንም ይዞብኝ የሚመለስ ይመስለኝ ጀመር። ስለዚህ ከሷ ራቅ ብዬ መስገድ አመጣሁ።

"ምን ሆነህ ነው የምትሸሸኝ?" ትለኛለች።

"ሙቀት ነው እማ።"

"በመጋቢት?"

ለልጅ ኃጢአት እንደማይጻፍበት የሰማሁት አድጌ ነው። ያኔ ወይ አልተነገረኝም፣ ወይ ሲነገር ጭረት እየቆጠርኩ ነበር።

ከአራተኛው ሳምንት በኋላ ጋሼ ታደሰ በፎይል የተጠቀለለ ምግብ ማምጣት ጀመረ። ፈተናው ከምን ጋር ይበላል የሚለውንም ይጨምራል። በመጀመሪያ ዓሣ መጣ። ቀመስኩ፣ ወይኑን አስከተልኩ። "ሳንቲም" አልኩት፤ "አፌ ውስጥ ሳንቲም ያለ ይመስላል።" ከዓሣ ጋር አይሄድም ብሎ ጻፈ። ቀጥሎ የበግ እግር መጣ፤ ሌሊቱን ሙሉ ምድጃ ውስጥ ያደረ፣ ጮማው የሚንጠባጠብ። ካኦር ብቻውን ሲሆን ያልበሰለ የሙዝ ልጣጭ እንደነከሱ ያህል ድድ ይጨመድዳል። ከጮማው በኋላ ግን ጨመደዱ ጠፋ። አጋሙ ብቻ ቀረ።

"ተስማሙ" አልኩት።

"እንዴት ተስማሙ? አስረዳኝ።"

"ወይኑ ሊጣላ ነበር የመጣው። ጮማው አበረደው።"

ይሄን ሲጽፍ ጉሮሮው ይወጣና ይገባ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ገና አልሞላም፤ ከነጋ እህል አልቀመሰም። የእኔን መንጋጋ በዓይኑ ይከተላል፤ ስውጥ ይውጣል። አንድ ቀን "ቶሎ ቶሎ አታላምጥ" አለኝ፤ ቀጥሎ ደግሞ "ቶሎ ጨርስ በቃ!" ብሎ ጮኸብኝና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

"ጋሼ፣ ይሄኛው ምን ሥጋ ነው?"

"ዶሮ።"

"ጥቁር ዶሮ?"

"የፈረንሳይ ዶሮ እንዲህ ነው።"

ዳክዬ ነበር። በራሱ ስብ ውስጥ የተቀቀለ ዳክዬ። ነጭ ባቄላ ያለበት ወጥ ያመጣ ዕለት ግን ቋሊማውን አንድ በአንድ በሹካ ለቅሞ አወጣ። "ይሄ ለአንተ አይሆንም፤ አሳማ አለበት" አለ። ባቄላው አብሮት የተቀቀለ መሆኑን ሳስበው አልነካሁትም። ጋሼ ታደሰም አልተቆጣኝም። በሃይማኖቴ በኩል የተጠነቀቀልኝ በዚያ በቋሊማው ብቻ ነው፤ ቀጥሎ ብልቃጡን ገፋ አደረገልኝ።

አንድ ቀን እኔው ራሴ "የእማን ወጥ እንሞክረው" አልኩት። ከፍሪጅ ቀይ ወጥ አወጣሁ። በርበሬው ወይኑን አነደደው፤ ሁለቱም ከፉ። "ከኛ ምግብ ጋር አይሄድም" ብሎ ጻፈ። በዚያች ቀን ማንም አላስገደደኝም። በኋላ ዝም እንድል ካደረጉኝ ነገሮች አንዷ እሷ ናት።

ከእያንዳንዱ ሰዓት በኋላ ኩባያውን ሲንክ ውስጥ ደፍቼ በሳሙና አጥባለሁ፤ ጥርሴን እፍቃለሁ፣ ነጭ ሽንኩርት አኝካለሁ። እናቴ ስትገባ በአፌ መተንፈስ እፈራ ነበር። "ይሄ ልጅ ነጭ ሽንኩርት ምን አስወደደው?" ትላለች። ጋሼ ታደሰ ስልክ ደውሎ "ለብርድ ጥሩ ነው፣ ተይው" ይላታል። ሆዴን ይቆርጠኛል ብዬ ሁለት ቀን ከትምህርት ቤት ቀረሁ። ሴትዮዋ ከነፊደል ካርዷ ትጠብቀኝ ይሆናል እላለሁ፤ ግን ቤት ስቀር ብልቃጡ ቀድሞ ይከፈታል።

ሆሳዕና ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ጋሼ ታደሰ ብልቃጡን ከፍቶልኝ ነጭ ሸሚዙን ሊተኩስ ክፍሉ ገብቷል። ወይኑን አፌ ውስጥ ይዣለሁ። የበሩ ቁልፍ ተንቋቋ። እናቴ ሥራ ቦታ ወገቧን አሟት ቀድማ ወጥታለች።

ኩባያው እጄ ላይ ነው። እፊቷ መትፋት አልቻልኩም። ዋጥኩት። በዚያ ጾም ሁሉ የዋጥኩት ያቺን ብቻ ነው።

ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ቆመች። ብልቃጡን አየችው፣ አነሣችው፣ አሸተተችው። ከዚያ አገጬን ይዛ አፌን ከፈተች። የእናቴን ፊት እንደዚያ ቅርብ አድርጌ ያየሁት ስትስመኝ ብቻ ነበር።

"ታዴ!" አለች።

ጋሼ ታደሰ ሸሚዙን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ ወጣ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

ብልቃጡን አየ፣ እኔን አየ። ሙዚቃ እንደቆመበት ሰው ነበር የቆመው። "የሥራ ነው" አለ። "ለፈተናው ያመጣሁት ነው፤ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።"

"ልጄ አፍ ውስጥ ምን ይሠራል?"

"ሰርቆ ነዋ እታለም። ሰርቆ ጠጣ። እኔማ በጾም ይሄን በእጄ እነካለሁ?"

እኔን አየችኝ። "ሙሄ፣ እውነት ነው?"

ይሄን ነው ሰዎች የማይረዱልኝ። ለምን አልተናገርክም ይሉኛል። አንድ፣ ወይኑን ውጬዋለሁ። ሁለት፣ የእሱ ጾም የሚፈርሰው እኔ ስናገር መሰለኝ። በልጅ ጭንቅላቴ ያን ሁሉ ቀን ያቆየሁለት ጾም አሁን በእኔ ምላስ ይወድቃል፤ ከዚያ አላህም የሱም እግዜር በአንድ ላይ ይቆጡኛል። እሱን አየሁት። እንዲያድነኝ ጠበቅሁ። ሸሚዙን አጠፈው።

"አዎ" አልኩ።

አልመታችኝም። ምነው በመታችኝ። መሬት ተቀመጠችና "ጾመኛ ሰው ቤት ውስጥ!" አለች። ለእሱ ያዘነች መሆኗ ነው። እሱን ይቅርታ ጠየቀችው። ቆሜ ሰማሁ። በልጄ ምክንያት ቤትህ ረከሰ ብላ እናቴ ወንድሟን ይቅርታ ጠየቀች፤ እሱም "ግድ የለም እታለም፣ ልጅ ነው" አላት።

ቅዳሜ ይዛኝ ላንግሊ ፓርክ ሄደች፤ ሼኹን ደረጃው ላይ ለብቻቸው አነጋገረቻቸው። ከዚያ በኋላ ከፊት ረድፍ አንሥተው ኋላ፣ በሩ አጠገብ አስቀመጡኝ። ልጆቹ አወቁ። "ሙሄ፣ ትፋው!" ይሉኝ ጀመር። በወሩ ቁርአን መቅራቴን ተውኩ። እናቴ ደግሞ ማታ ከሥራ ስትገባ አፌን ማሽተት ያዘች። ጫማዋን ሳታወልቅ "ና" ትለኛለች፣ "ሃ በል" ትለኛለች። አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ ከቤት እስክወጣ ድረስ አልተወችም። ፈተናውን ጋሼ ታደሰ አለፈ። በአጋም፣ በአዲስ ጫማና በአያ እንድሪስ ጋቢ አለፈ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዘመን እዘለዋለሁ፤ ለማንም አይጠቅምም። ጋሼ ታደሰ አሌክሳንድሪያ ቤት ያዘ፣ አገባ። ከዓመታት በኋላ ከሚስቱ ጋር ሊቆርብ ፈለገና ለንስሐ አባቱ የሆዱን አወጣ። ካህኑም ቀኖና ሰጡት፤ ይህን ያህል ስግደት፣ ይህን ያህል ጾም፣ ከሁሉ በፊት ግን እኅትህ ዘንድ ሄደህ እውነቱን ተናገር፤ ሳትናገር እንዳትመጣ። ራሱ ነው ይሄን የነገረን። ስለ እኔ አስቦ የመጣ መስሎኝ ነበር ለትንሽ ደቂቃ።

እናቴ ኮል አድርጋ "አሁኑኑ ና" አለችኝ። ስገባ ጋሼ ታደሰ ነጠላውን አጣፍቶ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። እሷ ቆማለች።

"ድገመው" አለችው። "እሱ እየሰማ።"

"እታለም፣ ነገርኩሽ እኮ..."

"የከሰስከው ፊቴ ነው። ፊቱ ተናገር።"

ወለሉን እያየ ተናገረ። ብልቃጡን፣ ኩባያውን፣ ፎይሉን፤ "አልሰረቀም፤ እኔ ነኝ ያስቀመስኩት" አለ።

"ስንት ቀን?"

"ጾሙን ሙሉ።"

እናቴ ዞራ ስልኳን አነሣች። ሼኹ ጋ ደወለች፤ ስፒከር ላይ አደረገችውና ፊቱ ላይ ያዘችለት። "ለሳቸውም ንገር" አለች። ተናገረ። ከወዲያ በኩል ሼኹ "ልጁ አለ?" አሉ። "አለ" አለች። "አውፍ በለኝ በሉልኝ" ብለው ዘጉ። ከዚያ ቤት ሰው ሁሉ ቀድሞ ይቅርታ የጠየቀኝ ምንም ያላጠፋ ሰው ሆነ።

እናቴ ወደ እኔ አልመጣችም። ወጥ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፍታ ቆመች። እያለቀሰች እንደሆነ ገብቶኛል፤ ለራሷ እንደሆነም ገብቶኛል፤ አፌን ያሸተተችበትን ያን ሁሉ ማታ ቆጥራው ይሆናል።

ጋሼ ታደሰ በሩ ላይ ቆመ። ጫማውን አድርጎ ጨርሷል፤ ግን አይወጣም።

"ሙሄ፣ ካህኑ ምን አለህ ብለው ይጠይቁኛል። ይቅር አለኝ ልበላቸው?"

"ሰማ ይበሏቸው" አልኩት።

"ሰማ ብቻ?"

"ሰማ ብቻ።"

ወጣ። ቅዳሜ ነበር፤ የሆሳዕና ዋዜማ፣ ኤፕሪል 8 ቀን 2017።